ከሌሊቱ የትኛው ሰዓት ተቆረጠ?

እግርን በሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ማጥናት የትም ቢሆን ጭካኔ ነው፤ ደሴ ላይ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከጦሳ የወረደ ጉም በር ስር በሚገባበት ሌሊት ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ አጥንት ይሰረስራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ግን ሳፋው ይወጣል። ቡናው ይፈላል፣ አንዳንዱ ጋ ጫቱ ይመጣል፣ "እንቅልፍ ከፈተና በኋላ ይደረስበታል" ይባላል።

ዘዴው ጨርሶ አይሠራም ማለት አይቻልም። ቅዝቃዜ የአንጎል ግንድ ውስጥ ያሉትን የማንቂያ ሕዋሳት ይቆሰቁሳል፤ ኖራድሬናሊን የሚባል የማንቂያ ኬሚካል ይረጫል፤ ዐይን ይገለጣል። ነገር ግን ዐይን መገለጥና ያነበቡትን መያዝ ለየቅል ናቸው። የመያዙ ሥራ ከፊሉ የሚሠራው ደግሞ ተማሪው ተኝቶ ሳለ ነው።

ከአንድ የነርቭ ሕዋስ እንጀምር። አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚሆኑ አሉ። ሕዋሱ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ውስጡ ከውጩ በ70 ሚሊቮልት ገደማ ኔጌቲቭ ነው፤ ይህን ልዩነት ጠብቆ የሚያቆየው በየዙሩ 3 ሶዲየም እያስወጣ 2 ፖታሲየም የሚያስገባ ፓምፕ ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ከዕረፍት ጉልበታችን ወደ 20 በመቶ የሚበላው በአብዛኛው ለዚሁ ለኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። ከጎረቤት የሚመጣው ግፊት ተጠራቅሞ ልዩነቱን ከ70 ወደ 55 ካወረደው የሶዲየም በሮች ባንዴ ይበረገዳሉ፤ በ1 ሚሊሰከንድ ገደማ ቮልቴጁ ከዜሮ በላይ ወደ 30 ዘሎ ይመለሳል። ይህ ምት ወይ አለ ወይ የለም፤ ትንሽና ትልቅ የለውም። ብርታት የሚገለጸው በድግግሞሹ ነው።

ትውስታ ግን ምቱ አይደለም፤ ምቱ አላፊ ነው። የሚቀረው ነገር የሚቀረው ሁለት ሕዋሳት በሚጎራበቱበት ሲናፕስ ላይ ነው። እዚያ ተቀባዩ ሕዋስ ላይ ኤንኤምዲኤ የሚባል በር አለ፤ በሩ በማግኒዚየም ተወትፏል። ውታፉ የሚነሳው ሁለት ነገር ሲገጥም ነው፦ ላኪው ግሉታሜት የሚባለውን የመልእክት ኬሚካል ሲለቅ፣ ተቀባዩም በዚያው ቅጽበት በበቂ ሁኔታ ነቅቶ ሲገኝ። ያኔ ካልሲየም ይገባል፤ ካልሲየሙም ተጨማሪ መቀበያዎች ወደ ሕዋሱ ገጽ እንዲወጡ ያደርጋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ምት ጎላ ብሎ ይሰማል። ቲም ብሊስና ቴርየ ሎሞ ኦስሎ ውስጥ የጥንቸል ሂፖካምፐስ ላይ ይህን ማጠናከሪያ አይተው በ1973 አሳተሙ፤ አንዴ የተጠናከረው ሲናፕስ ለሰዓታት እንደተጠናከረ ቆየ። ከሰዓታት አልፎ ቀናትና ወራት እንዲዘልቅ ሕዋሱ አዲስ ፕሮቲን መሥራት አለበት።

አሁን ወደ ሳፋው ተማሪ እንመለስ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዱን መስመር አራት ጊዜ ያነበዋል፤ ምንም አይገባም። ይህ ስንፍና አይደለም። በ2011 አይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ እንስሳው ነቅቶ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ኮርቴክሱ ውስጥ ያሉ ጥቂት ሕዋሳት ለብቻቸው እንደተኙ ሁሉ ጸጥ ሲሉ ታይተዋል፤ የነቃበት ሰዓት በረዘመ ቁጥርም ጸጥታው በዝቷል። ዐይን ተገልጦ አንጎል በከፊል ያንቀላፋል ማለት ነው። እግርን ያነቃ ውሃ እዚያ ድረስ አይዘልቅም።

ሰኞ ገበያ ቆሞ የሚውል ነጋዴ በየሽያጩ ዋናውን ደብተር አይገልጥም። ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጫጭራል፤ ማታ ግርግሩ ሲበርድ ይገለብጣል። አንጎልም ለቀኑ ወሬ ብጣሽ ወረቀት አለው፤ ሂፖካምፐስ ይባላል፤ ከጆሮ በላይ ወደ ውስጥ ጠልቆ ግራና ቀኝ አንዳንድ ተቀምጧል። ዋናው ደብተር ከላይ ያለው ኮርቴክስ ነው፤ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው።

የወረቀቱን ጥቅም የምናውቀው ወረቀቱ ከጠፋበት ሰው ነው። በ1953 አሜሪካ ሃርትፎርድ ውስጥ ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ የ27 ዓመት ሰው በመድኃኒት ያልተገታ የሚጥል በሽታ ስለነበረበት፣ ዊልያም ስኮቪል የተባለው ሐኪም የሁለቱንም ወገን ሂፖካምፐስ አብዛኛውን ክፍል ከአካባቢው ጋር ቆርጦ አወጣለት። መጣሉ ቀነሰለት። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በ2008 እስኪሞት ድረስ አዲስ የተዋወቀው ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ሲመለስ እንደ እንግዳ ያየው ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር መስታወት ውስጥ እያየ የኮከብ ቅርጽ ዙሪያውን በእርሳስ እንዲከተል አደረገችው፤ በሦስት ቀን ውስጥ እጁ እየተካነ ሄደ፤ እሱ ግን በየቀኑ "ይህን ሠርቼ አላውቅም" ይል ነበር። የሐረጎን መጠማዘዣ እጁ የሚያውቅለት ሹፌር ዕውቀቱን ያስቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፤ ከኮርቴክሱ ስር ባሉት ቤዛል ጋንግሊያና ከኋላ ባለው ሴሬቤለም። ታሪክና ባዮሎጂ ግን በወረቀቱ በኩል ማለፍ አለባቸው።

መገልበጡን በዐይን ማየት ይቻላል ወይ? በከፊል፣ አዎ። ጀርመናዊው ሃንስ በርገር የና ከተማ ውስጥ በ1924 የሰውን የአንጎል ኤሌክትሪክ መዘገበ፤ ያሳተመው በ1929 ነው። መሣሪያው ዛሬ ኢኢጂ ይባላል። ከራስ ቆዳ ላይ የሚነበበው የነጠላ ሕዋስ ምት ሳይሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት በሲናፕሶቻቸው ላይ አብረው የሚያደርጉት ውዝዋዜ ድምር ነው። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ አንድ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲሆን 50 ማይክሮቮልት የሚሆን የአንጎል ሞገድ የእሱ 30,000ኛ እጅ ነው።

ሰውየው ጋደም ብሎ ዐይኑን ሲጨፍን ከራሱ ኋላ በኩል አልፋ የሚባለው ሞገድ ብቅ ይላል፤ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ፣ የተስተካከለ። ዐይኑን ሲገልጥ ወዲያው ይጠፋል። ሸለብ ሲያደርግ አልፋው ይሰባበርና ዘገም ያለ፣ በሰከንድ ከ4 እስከ 7 የሚሆን ሞገድ ይተካል፤ የዐይን ኳስ ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ይንሳፈፋል። በዚህ ሰዓት ብትቀሰቅሱት "አልተኛሁም" ብሎ ይከራከራል። ከደቂቃዎች በኋላ ሁለተኛው ደረጃ ይገባና እንዝርት ይመጣል። ስሙን የሰጠው ቅርጹ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ቀጭን፣ ወገቡ ወፍራም፣ ልክ ድር እንደተጠቀለለበት የእናቶቻችን እንዝርት። በሰከንድ ከ11 እስከ 16 ይመታል፤ ከግማሽ ሰከንድ እስከ 2 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይጠፋል። የሚፈተለው አንጎል መሀል ባለው፣ ታላመስ በሚባለው መተላለፊያ ውስጥ ነው። ከዚያ ድብን ያለው እንቅልፍ ይከተላል፤ ሞገዱ ግዙፍ ይሆናል፣ 75 ማይክሮቮልትና ከዚያ በላይ፣ ዘገምተኛ፣ በሰከንድ አንድ ገደማ። ሕዋሳቱ በአንድነት ጸጥ ይላሉ፤ በአንድነት ይነሳሉ።

መገልበጡ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ግዙፉ ሞገድ ኮርቴክሱን ቀስቅሶ ከፍ ሲያደርገው፣ እንዝርቱ በዚያ ከፍታ ላይ ይፈናጠጣል፤ በእንዝርቱ እጥፋቶች ውስጥ ደግሞ ከሂፖካምፐስ የሚወጣ፣ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ፈጣን ርግብግቢት ይገጥማል። ርግብግቢቱ ቀን የተነበበው ተጨምቆ ሲደገም ነው። በ1994 ዊልሰንና ማክኖተን ይህንን አይጦች ላይ አሳዩ፦ ቀን መንገድ ላይ አብረው ይተኩሱ የነበሩ የሂፖካምፐስ ሕዋሳት ሌሊት በእንቅልፍም አብረው ተኮሱ። ሦስቱ ሞገዶች በሰዓቱ ካልገጠሙ ልውውጡ ይፈርሳል። በዕድሜ የገፋ ሰው የሚረሳበት አንዱ ምክንያትም እንዝርቱ ከሞገዱ ጫፍ ቀድሞ ስለሚመጣ ነው።

በ1953፣ የሞሌሰን ቀዶ ሕክምና በተደረገበት በዚያው ዓመት፣ ቺካጎ ውስጥ አሰሪንስኪና ክላይትማን ሌላውን የእንቅልፍ ዓይነት አሳተሙ፤ ሬም ይባላል። ዐይን ከሽፋኑ ስር ይሯሯጣል፤ ሞገዱ የነቃ ሰው ይመስላል፤ ከዐይንና ከመተንፈሻ ጡንቻዎች በስተቀር ሰውነት ሽባ ይሆናል። አብዛኛው ቁልጭ ያለ ሕልም ከዚህ ይወጣል። ሁለቱ ዓይነት እንቅልፎች በ90 ደቂቃ ገደማ ዙር ይፈራረቃሉ፤ በአንድ ሌሊት ከ4 እስከ 6 ዙር።

ዙሮቹ ግን እኩል አይደሉም፤ የርዕሱም ጥያቄ ከዚህ ይመጣል። ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው ድብን ያለውን እንቅልፍ በአብዛኛው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይጨርሰዋል። ሬም የሚረዝመው ከ8 ሰዓት ወዲያ ነው። ድብኑ እንቅልፍ የዕዳ ነገር ነው፤ መቼም ተኛ መቼ ቀድሞ ዕዳውን ያስከፍላል። ሬም ግን ሰዓት ይጠብቃል፤ ከንጋቱ ጋር የተሳሰረ ነው።

ስለዚህ ማታ 3 ሰዓት ተኝቶ ሌሊት 9 ሰዓት የሚነሳና 6 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት የሚነሳ ሁለቱም 6 ሰዓት ተኝተዋል፣ የከሰሩት ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ድብኑን አግኝቶ ሬሙን ቆረጠ። ለሳምንታት ከቀጠለበት ሆድ መባስና በትንሹ መቆጣት ይመጣበታል። ሁለተኛው ሬሙ ብዙም አልተነካበትም፤ ያጠናው ግን ከ3 እስከ 6 በደከመ አንጎል ነው። ለቃል ጥናት የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ነኝ፣ በተለይ መነሻው ወደ 10 ሰዓት ተኩል ከተገፋ። ግን የአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ የውስጥ ሰዓቱ ወደ ኋላ የዘገየ ስለሆነ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ አልወስድ ካለው በግድ ማስተኛት አይቻልም፤ ለዚህ ዕድሜ የሚመከረውም በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ ነው። አዳሩን ሙሉ መቀመጥ ግን በምንም ሒሳብ አያዋጣም።

ስለ ቡና። ነቅተን በዋልን ቁጥር አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል ይጠራቀማል፤ መቀበያው ላይ ሲያርፍ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ካፌይን አዴኖሲኑን አያጠፋም፤ ወንበሩን ይይዝበታል። ወንበሩ ሲለቀቅ የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ይቀመጣል። ካፌይን ከሰውነት ለመጋመስ በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ አቦል ቶና ብሎ በረካ ድረስ የዘለቀ ሰው 5 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሩቡ አብሮት ነው። "ቡና ጠጥቼም እንቅልፌን እተኛለሁ" የሚለው እውነቱን ነው፣ ይተኛል፤ ግዙፎቹ ሞገዶች ግን ይሳሳሉ።

ጫት ከዚህ ይከፋል። ለጋ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን ያስለቅቃል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ገበያው ትኩስ ትኩሱን የሚሻማው። ምርቃና ላይ ያለ ተማሪ ገጹን ሁሉ የዋጠ ይመስለዋል፤ የመግባት ስሜትና መግባት ግን አንድ አይደሉም። ሌሊቱን ለማውረድ ጨብሲ ሲጨመርበት ደግሞ አልኮሉ የመጀመሪያውን ግማሽ ሬም ይጨቁናል፤ ሁለተኛውን ግማሽ ይቆራርጠዋል።

ጫት ያቆመ ሰው ዱካክ መጣብኝ የሚለው ነገርም እዚህ ቦታ አለው። አምፌታሚን መሰል ማነቃቂያ ሬምን ያፍናል፤ ሲቆም የታፈነው ሬም በብዛትና በኃይል ይመለሳል። ሕልሙ ይከብዳል። አንዳንዴ ንቃቱ ይቀድምና የሬሙ ሽባነት ይዘገያል፤ ሰውየው ዐይኑ ተገልጦ እጁን ማንሳት ያቅተዋል፣ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ያያል፣ መጮህ ይፈልጋል ድምፅ የለም። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል፤ እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ። ሲመጣ መታገል ሳይሆን አንዲት ጣት ወይም ዐይንን ብቻ ለማንቀሳቀስ መሞከር ነው የሚሻለው።

ኮምቦልቻ ላይ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። ጠዋት ሲወጣ ፀሐይ ዐይኑን ትመታለች፤ ከዐይን ነርቮች በላይ ያለው የአንጎል ዋና ሰዓት "ነጋ" ይላል፤ የሌሊቱ ሆርሞን ሜላቶኒን ይቆማል። ከተማዋ ከደሴ ወደ 650 ሜትር ዝቅ ስለምትል ቀኑም ይሞቃል፤ እንቅልፍ ደግሞ የሰውነት ሙቀት ዝቅ እንዲል ይፈልጋል። ከበር ጀምሮ ጥቁር መነጽር ወይም ኮፍያ፣ መስኮት ላይ ወፍራም ጨርቅ፣ ቡናውን በፈረቃው የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ። ለሚሌ መስመር ሹፌሮች ደግሞ ይህቺን ልጨምር፦ በ1997 በታተመ ሙከራ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው የእጅና የዐይን ቅንጅቱ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው እኩል ሆኗል፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ከ0.10 በመቶ ጋር።

ጥናቱስ እንዴት ይሁን? ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልል ዘዴ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ላይ አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 40 በመቶውን አስታወሱ፤ አንዴ አንብበው ሦስት ጊዜ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት 61 በመቶውን። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተፈተኑት ላይ ግን ያነበቡት በልጠው ነበር፤ ለዚህ ነው ማታውን ደጋግሞ ያነበበ "ገብቶኛል" ብሎ የሚተኛው። የአብነት ተማሪ በምሽት የቃል ትምህርቱን ሲቀጽል፣ ደረሳውም ሉሁን አስቀምጦ በቃሉ ሲቀራ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከእንቅልፍ በፊት መሞከር፣ ጎህ ሲቀድ እንደገና መሞከር። ደብተሩን ዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ 10 ደቂቃ መጻፍ፣ የጎደለውን ብቻ መልሶ ማየት፣ መተኛት፣ ጠዋት ደግሞ ሳያዩ መጻፍ። ቀን ላይ መሸለብ ካስፈለገ 20 ደቂቃ ወይም ሙሉ 90፤ ከድብኑ እንቅልፍ መሀል 45ኛው ደቂቃ ላይ የተቀሰቀሰ ሰው ለግማሽ ሰዓት ራሱን አያውቅም።

አንድ ነገር ግን በቸልታ መታለፍ የለበትም። ሌሊቱን ያመሸ የ15 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ጠዋት ከእንቅልፉ በተነሳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ክንዱ ብልጭ ብሎ የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ቢወረወር፣ ያውም ደጋግሞ ቢሆንበት፣ "ደንግጦ ነው" አይባልም። በዚህ ዕድሜ የሚጀምር የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ፤ ምልክቱ ይኸው የጠዋት መንዘፍዘፍ ነው፤ የሚቀሰቅሱትም እንቅልፍ ማጣትና አልኮል ናቸው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ የጠዋቷን ብርጭቆ መናገር ያስፈልጋል፤ ለሌላው ዓይነት የሚታዘዘው ካርባማዜፒን ይህንን ሊያባብሰው ይችላል።

ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አንጎል ውስጥ ያለውን ማዕበል አያቆመውም። አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተትም ጥርስ ከመስበር በቀር ጥቅም የለውም። ከምድጃው ማራቅ፣ ራሱ ስር ነጠላ ማጠፍ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ ሰዓት ማየት። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም ቤት። ለዚህ በሽታ የሚሰጠውን ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም፤ መቆሙ ራሱ ይጥላል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ማታ ማታ አንዴ መዋጥ ይበቃዋል፤ በረመዳንም በጾምም ሐኪሙን አማክሮ በዚያው መቀጠል ይቻላል። ጸበል የሚጠመቅም ዱዓ የሚያስደርግም ጎን ለጎን ይዋጠው።

ኢኢጂ የታዘዘለት ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ። ቅቤ የተቀባ ራስ ለኤሌክትሮድ፣ ማለትም ሞገዱን ለመልቀም ራስ ላይ ለሚለጠፈው ብረት፣ ጠላት ነው፤ ቅባቱ ኤሌክትሪኩን ስለሚያግድ ከቆዳው ጋር ያለው መቋቋም ከ5 ኪሎኦም በታች አልወርድ ይላል፤ ሞገዱ በጉርምርምታ ይዋጣል። ከዋዜማው ሹሩባው ይፈታ፣ ራስ በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠብ፣ ቅባት አይነካው። ቁርስ ይበላ፤ የስኳር ማነስ ራሱ ሞገዱን ያዘገየዋል። መድኃኒት ሐኪሙ ካላለ አይዘለል። 21 ኤሌክትሮድ በቅንድቦች መካከል ካለው የአፍንጫ መነሻ እስከ ማጅራት ጉብታ በመቶኛ ተለክቶ ይለጠፋል፤ ስልክ ቻርጀር አጠገብ ከተሰካ 50 ሄርዝ የመብራት ኃይል ሞገድ መስመሩን ሁሉ ያደልበዋል። 3 ደቂቃ በኃይል መተንፈስና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይኖራል።

የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ወደ ግማሽ ለሚሆኑት የመጀመሪያው ኢኢጂ ንጹሕ ይወጣል፤ "ምንም የለብህም" ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ አንዳንዴ ሌሊቱን ሳትተኛ፣ ቡናም ሳትጠጣ ና ይባላል። ሹሩባዋን ፈትታ፣ ራሷን ታጥባ፣ ሌሊቱን በግድ ነቅታ የመጣችው ልጅ አልጋው ላይ ስትጋደም ባለሙያዋ "በይ አሁን ተኚ" የምትላት ለዚህ ነው፤ ሲነቁ የማይታየው ሹል ሞገድ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው አልፋው ተሰባብሮ እንዝርቱ ሲጀምር ነው።